መሰላሉን ከማንሳታችሁ በፊት ቀና በሉ፦ የእሳት አደጋ መኪናና የመብራት ሽቦ በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ «እሳት ተነሳ» ሲባል የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰው በአንድ አፍታ ይሰበሰባል። ባጃጆች መንገዱን ይዘጉታል። አንዱ ባልዲ ይዞ ይሮጣል፣ ሌላው ዕቃ ያወጣል፣ ሌላው በስልኩ ይቀርጻል። የእሳት አደጋው መኪና ሲደርስ ደግሞ ከየአቅጣጫው «ምን ትጠብቃላችሁ? ቶሎ በሉ እንጂ!» ይባላል። በዚያ ግርግር መሃል ቀና ብሎ ሽቦውን የሚያይ ሰው ይጠፋል። መሰላሉ የሚነሳው ግን ወደዚያው ወደ ሽቦው ነው።

ብዙ ዓመት በመስመር ሥራ ላይ የቆየሁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለእሳት አደጋ መኪና ሾፌሮች፣ መሰላሉን ለሚያንቀሳቅሱትና ፓምፕ ላይ ለሚቆሙት ነው። አጠገባቸው ለምንሰበሰበው ለእኛም ነው። ስፖንዳውን አንስቶ አሸዋ ለሚደፋ የሲኖትራክ ሾፌርና ለክሬን ሠራተኛም ነገሩ ያው ነው። ብረት ወደ ላይ የሚያነሳ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት አደጋ አለበት።

«መብራት ሄዷል» የሚለውን አትመኑ

ከሁሉ በፊት ይህን ልንገራችሁ። እሳት ቦታ ስትደርሱ አንድ ሰው ቀድሞ «መብራቱ ሄዷል፣ አትፍሩ» ይላችኋል። ሰውየው እየዋሸ አይደለም። ቤቱ ያለው አምፖል ጠፍቷል። ግን የእሱ አምፖል መጥፋትና የሽቦው ባዶ መሆን ለየቅል ናቸው።

አንድ ምሰሶ በደንብ እዩ። ብዙ ጊዜ ከላይ፣ ስኒዎቹ (ሽቦውን ከምሰሶው የሚለዩት ኮረንቲ የማያሳልፉ መያዣዎች) ላይ የተቀመጡ ሦስት ሽቦዎች አሉ። እነሱ መካከለኛ መስመር ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ወደ ቤቶች የሚገባው 380 እና 220 ቮልት ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ የታችኛው ፊውዝ ሲቃጠል ሰፈሩ በሙሉ ይጨልማል። የላይኛው ሽቦ ግን 15 ሺህ ቮልቱን እንደያዘ ነው። መሰላላችሁ ቀድሞ የሚያገኘው ደግሞ እሱን ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ መስመር ሲቋረጥ ራሱ ተመልሶ ለመብራት የሚሞክር መሣሪያ አለ። ሽቦ መሬት ወድቆ ይንጣጣል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ሰው «አለቀ» ብሎ ይጠጋል። ከሰከንዶች በኋላ መስመሩ ተመልሶ ይመጣል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ሰውም አደጋውን ሳያውቅ መልሶ ሊያበራው ይችላል።

ሦስተኛው ጄኔሬተር ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሆቴሉም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ዳቦ ቤቱም ጄኔሬተር ያስነሳል። መቀየሪያው በትክክል ካልተሠራ ኮረንቲው ከቤት ወጥቶ ወደ መንገዱ ሽቦ ይመለሳል። ትራንስፎርመር ካገኘ ደግሞ በተገላቢጦሽ ከፍ ብሎ ወደ ላይኛው መስመር ይወጣል። ከተማው ሁሉ ጨልሞ አንድ ጄኔሬተር ሰው ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ «ሄዷል» በቂ አይደለም። የምትጠብቁት መልስ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ሠራተኛ ራሱ «ይህ መስመር ተቋርጧል፣ ተፈትሿል፣ ከመሬት ጋር ታስሯል» ሲላችሁ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሽቦው ኮረንቲ እንዳለበት ቁጠሩት።

ከጣቢያ ሳትወጡ

የመኪናችሁን ቁመት በሜትር ለኩና ዳሽቦርዱ ላይ በትልቁ ለጥፉት። መሰላሉ ሲዘረጋ የሚደርስበትንም ከጎኑ ጻፉ። ብዙዎቹ መኪናዎች ከ3 ሜትር ይበልጣሉ፤ አንቴናና ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ ይረሳል።

የምታገለግሉትን ሰፈር ሰላም በሆነ ቀን በእግር ዙሩት። ከግሽ ዓባይ እስከ ሽምብጥ፣ ከበላይ ዘለቀ እስከ ዘንዘልማ። የረገበ ሽቦ፣ የዘመመ ምሰሶ፣ በዘንባባና በዛፍ ቅጠል የተሸፈነ መስመር የት እንዳለ መዝግቡ። በፀሐይ ጊዜ ሽቦ እንደሚረግብ አትርሱ። ጥር ማለዳ ያያችሁት ከፍታ ሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ አይገኝም።

ስልክ ላይ 905 ይኑር፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል ነው። የአካባቢያችሁን ተረኛ የጥገና ሠራተኛ ቀጥታ ቁጥርም ያዙ። ስትደውሉ «ገበያው ጋ» አትበሉ። የምሰሶውን ወይም የትራንስፎርመሩን ቁጥር አንብቡላቸው። አንድ አደባባይ ላይ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ሊገናኙ ይችላሉ፤ ቁጥሩ ከሌለ የሚጠፋው የተሳሳተው መስመር ነው።

እሳቱ ቦታ ስትደርሱ

ከጋቢና ውስጥ ሽቦ በደንብ አይታይም። የመስታወቱ ጠርዝ ይጋርደዋል፣ ጭሱም ይሸፍነዋል። ሾፌሩ መኪናውን ከማቆሙ በፊት አንድ ሰው ይውረድና ዙሪያውን ይመልከት። ማታ ከሆነ ባትሪ ወደ ላይ ያብራ። ሽቦው ካልታየው ምሰሶዎቹን ይፈልግ፤ ሁለት ምሰሶ ካለ በመሃላቸው ሽቦ አለ።

ሽቦ ሥር አትቁሙ። እሳቱ ምሰሶውን ወይም ስኒውን ካገኘው ሽቦው መኪናው ላይ ይወድቃል። ወድቆ ያገኛችሁት ሽቦ ካለ ቢያንስ አንድ የምሰሶ ርቀት ቀድማችሁ ቁሙ። የተበጠሰ ሽቦ አንዳንዴ እንደ ስፕሪንግ ይጠቀለላል፣ ዘሎ ሌላ ቦታ ይደርሳል። የአጥርና የቆርቆሮ ነገርም ልብ በሉ። ሽቦ የወደቀበት የቆርቆሮ አጥር ከዳር እስከ ዳር ኮረንቲ ነው።

ከከተማ ወጣ ስትሉ ሌላ ዓይነት መስመር አለ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኃይሉም በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ባሕር ዳር ይመጣል። በበጋ እንደዚህ ያለ መስመር ሥር ሣር ቢቃጠል ሽቦውን ሳትነኩትም አደጋ አለ። ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ራሱ ኮረንቲ ከሽቦ ወደ መሬት ሊያወርድ ይችላል። ከሥሩ ወጥታችሁ ከጎን ጠብቁት፤ ሣሩ ይንደድ።

መሰላሉን ስታነሱ

እስከ 50 ኪሎ ቮልት ላለ መስመር ከመሰላሉም፣ ጫፉ ላይ ሰው ከሚቆምበት ባልዲም፣ ባልዲው ውስጥ ካለው ሰው እጅም ቢያንስ 3 ሜትር ክፍተት ይኑር። የከተማው 15 እና 33 ኪሎ ቮልት እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ለ400 ኪሎ ቮልት 8 ሜትር ያዙ። ይህ ርቀት ሽቦውን ላለመንካት ብቻ አይደለም። ኮረንቲ አየር ላይ ይዘላል።

3 ሜትር በዓይን መገመት ከባድ ነው። ከታች ሆኖ ሽቦና መሰላል ሲታዩ ርቀታቸው ያታልላል። ለዚህ ነው አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይኖረው ሽቦውን ብቻ እንዲያይ የምለው። ከጎን ይቁም፣ ፊሽካ ይያዝ። ቱቦ አይጎትት፣ ስልክ አያንሳ። ፊሽካው ከተነፋ መሰላሉ ይቆማል። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከቆመ በኋላ ይመጣል።

ክረምት ላይ ደግሞ የእኛ መሬት ራሱ ጠላት ይሆናል። ሐይቁ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የመኪናው ደጋፊ እግር ጭቃ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የጸና ይመስላል። መሰላሉ ተዘርግቶ ሰው ሲወጣበት፣ ውሃ ሲለቀቅ፣ እግሩ ቀስ ብሎ ይሰምጣል። መኪናው በ3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል የ20 ሜትር መሰላል ጫፍ 1 ሜትር ያህል ቦታውን ይለቃል። ማንም ምንም ሳይነካ 3 ሜትሩ 2 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ሲጨመርበት ሽቦውም መሰላሉም ይወዛወዛሉ። ስለዚህ ከእግሩ ሥር ሰፊና ወፍራም ሳንቃ አድርጉ፣ በየጥቂት ደቂቃው ተመልከቱት፣ ጭቃ ላይ ከሆናችሁ ርቀቱን ጨምሩ።

ውሃን በተመለከተ፣ ቀጥ ያለ ወፍራም ውሃ ወደ ሽቦና ወደ ትራንስፎርመር አትልቀቁ። የሐይቅም ሆነ የቧንቧ ውሃ ኮረንቲ ያስተላልፋል። ፎምም እንዲሁ። የሚነደው ትራንስፎርመሩ ብቻ ከሆነ መስመሩ እስኪቋረጥ ሌላውን ቤት ጠብቁ፣ እሱን ተዉት።

መጀመሪያ የሚሞተው ከታች የቆመው ነው

ይህን ብዙ ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። መሰላሉ ሽቦ ቢነካ የምንፈራው ከላይ ላለው ሰው ነው። ግን ብዙ ጊዜ በጣም አደጋ ላይ ያለው መሬት ላይ ቆሞ መኪናውን የነካው ሰው ነው፤ የፓምፕ ሠራተኛው፣ ከጎን ሳጥን ዕቃ የሚያወጣው፣ በሩን ይዞ ሾፌሩን የሚያናግረው።

ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ሽቦ ላይ የምትቀመጠውን ወፍ እዩ። ሁለቱም እግሮቿ አንድ ሽቦ ላይ ናቸው። ወደ ሌላ ቦታ መሄጃ ስለሌለው ኮረንቲው በእሷ ውስጥ አያልፍም። ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ሾፌር እንደ ወፏ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። መሬት ቆሞ መኪናውን የነካው ሰው ግን በሽቦውና በመሬቱ መካከል ድልድይ ሆኗል። ጎማ ያግዳል የሚባለውም እዚህ አይሠራም። የመኪና ጎማ ካርቦንና የብረት ሽቦ አለበት፤ 15 ሺህ ቮልት አያቆምም። ቡትና ተራ የጎማ ጓንትም እንደዚያው።

ስንት ኮረንቲ ነው የሚገድለው? በ220 ቮልት አንድ 100 ዋት አምፖል ግማሽ አምፔር ገደማ ይወስዳል። የዚያ አንድ አምስተኛ በደረት ካለፈ የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ መሰላሉ እየተነሳ፣ እየዞረና እየወረደ ባለበት ጊዜ ሁሉ መሬት ላይ ያለ ሰው መኪናውን አይንካ። የፓምፕ ሥራ ካለ መሰላሉ ይቁም፣ ፓምፑ ይስተካከል፣ ሰውየው ይራቅ፣ ከዚያ መሰላሉ ይቀጥል። አዎ፣ ጊዜ ይወስዳል።

ከነካስ?

ጋቢና ውስጥ ያላችሁ፣ እዚያው ቆዩ። ከላይ ያላችሁም እዚያው። አትውረዱ፣ ዕቃ አታቀብሉ፣ ገመድ አትጣሉ። በሬዲዮ «ሽቦ ነክተናል፣ ማንም እንዳይጠጋ» በሉ። መስኮት ከፍታችሁ ጩኹ።

መሰላሉን የሚያንቀሳቅሰው ሰው መኪናው ላይ ካለና መሰላሉ ካልተጠላለፈ፣ በመጣበት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ሊመልሰው ይችላል። መሬት ላይ ያሉት ሁሉ መራቃቸውን ያረጋግጥ፤ ሽቦው ሲለቀቅ እንደ ጅራፍ ይመለሳልና። የተጠላለፈ ከሆነ አይንካው፣ 905 ተደውሎ መስመሩ ይቋረጥ።

ከላይ ሆነው እርዳታ የሚጠብቁ ሰዎች እያሉ ዝም ብሎ መቀመጥ ከምንም በላይ ይከብዳል። አውቃለሁ። ግን ከጋቢናው የሚወርደው ሰው ማንንም አያድንም፤ ሁለተኛ ሟች ይሆናል።

መውጣት ግድ ከሆነ

መኪናው ከነደደ ወይም ጭስ ከገባ ብቻ ውጡ። አካሄዱን ለመረዳት አንድ የምታውቁትን ነገር አስቡ። ክረምት ላይ መብረቅ ዛፍ ሲመታ ከሥሩ የቆሙት ከብቶች ሞተው እረኛው ሊተርፍ ይችላል። አንዱ ምክንያት የእግር ርቀት ነው። ኮረንቲው ከወደቀበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር መሬቱ ላይ ያለው ቮልት እንደ ዳገት ቁልቁል ይወርዳል። የላም የፊትና የኋላ እግር ይራራቃል፤ አንዱ ከዳገቱ ላይ፣ ሌላው ከታች ነው። ልዩነቱ በሰውነቷ ውስጥ ያልፋል። እግሩን ገጥሞ የቆመ ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው።

እናንተም እግራችሁን ገጥማችሁ ነው የምትወጡት። መጀመሪያ ከሰውነታችሁ የሚንጠለጠለውን ሁሉ አውልቁ፤ የአየር ሲሊንደር፣ የሬዲዮ ገመድ፣ ቀበቶ። በሩን በሰፊው ክፈቱና ደፉ ላይ ቁሙ። ከፊት ለፊት ሽቦ አለመኖሩን እዩ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፉ። ከዚያ ሁለቱንም እግር በአንድ ላይ ዝለሉ። በምንም መንገድ አንድ እግር መሬት፣ አንድ እጅ በሩ ላይ እንዳይሆን። ደረጃ በደረጃ መውረድ የለመደ ሰው እጁ ሳያስበው መያዣውን ይፈልጋል፤ የሚገድለው እሷ ናት።

መሬት ስትነኩ በእጅ አትደገፉ። እግር ለእግር ሳይለያዩ በትንሽ በትንሹ ዝለሉ፣ ወይም እግራችሁን ከመሬት ሳታነሱ ተረከዝ ከሌላው አውራ ጣት ሳያልፍ እየጎተታችሁ ሂዱ። ቢያንስ 10 ሜትር። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ጨምሩበት። ለረሳችሁት ዕቃ አትመለሱ።

ይህ ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ ከጋቢና ከፍታ እግር ገጥሞ መዝለልና ሳይወድቁ መቆም ግን ልምምድ ይጠይቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ሣር ላይ ሞክሩት።

አጠገብ ላለነው

ሽቦ ከነካው መኪና 10 ሜትር ራቁ፤ ወደ አሥራ አምስት እርምጃ ነው። እግራችሁ ላይ ነዘር ነዘር ካለ፣ ዞራችሁ አትሩጡ። እግር ገጥማችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ደረቅ እንጨት ይዞ ሽቦ ለማንሳት የሚሞክር ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ቤት ውስጥ ባለው 220 ቮልት ላይ ሰው ሲያደርገው አይቶ ነው። 15 ሺህ ቮልት ላይ እንጨትም ፕላስቲክም አያስተማምንም። ቤተሰቡ እሳቱ ውስጥ ያለበት ሰው ሲጠጋ በቁጣ አይመለስም። «እናቴ፣ ልጅዎን እናወጣዋለን፤ እርስዎ እዚህ ይቁሙልኝ፣ ሌሎቹን ይከልክሉልኝ» በሏቸው። ሥራ የተሰጠው ሰው ይቆማል።

ጎማው

ኮረንቲ ያለፈበት ጎማ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይግላል። ውስጡ ያለው ጎማ እየተቃጠለ ጋዝ ይፈጥራል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ወዲያው ሊፈነዳ ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላም ሊፈነዳ ይችላል። ማዕድን ማውጫ ቦታዎች ላይ ለከባድ መኪናዎች 24 ሰዓትና 300 ሜትር ይጠበቃል። ስለዚህ መስመሩ ከተቋረጠም በኋላ ወደ ጎማው አትጠጉ፣ በተለይ ከጎን። መንገዱ ይዘጋ።

ኮረንቲ የያዘው ሰው ካለ

መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ አትንኩት። ወንድማችሁም ቢሆን። ከተረጋገጠ በኋላ መተንፈሱን እዩ። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ ጫኑ፤ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ትንፋሽ መስጠት የምታውቁ ከሆነ 30 ጫኑ፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ። እርዳታ እስኪመጣ አታቁሙ። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ይሂድ፤ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም። ቆዳ ላይ የምትታየው ትንሽ ጥቁር ነጥብ ውስጥ ብዙ ሥጋና ነርቭ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ የልቡ ምትም መታየት አለበት።

መኪናው ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት ጎማው፣ የመሰላሉ ሽቦ ገመድ፣ ሃይድሮሊኩና መላ ኤሌክትሪኩ ይፈተሽ። መሰላሉ ላይ የቀለጠ ነጥብ ካለ ፎቶ አንሱት። ሽቦው ረግቦ ከሆነም የምሰሶውን ቁጥር ይዛችሁ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ በጽሑፍ አመልክቱ። እስኪነሳ ድረስ ያ ቦታ ዳሽቦርዱ ላይ በለጠፋችሁት ወረቀት በቀይ ይጻፍ።